መልስ፦ ሜሪላንድ ላይ በፕራይመሪ የፓርቲ ዕጩ እንዳልመርጥ ለምን ተከለከልኩ?

የትምህርት ቦርድ ዕጩዎች ብቻ ያሉበት የድምፅ መስጫ ወረቀት የተሰጠህ ስትመዘገብ ፓርቲ ስላልመረጥክ ነው። የሜሪላንድ ፕራይመሪ (ፓርቲዎች ለኖቬምበሩ ዋና ምርጫ ዕጩዎቻቸውን የሚለዩበት ቅድመ ምርጫ) ዝግ ነው፤ የዴሞክራቶቹን ዕጩ የሚመርጠው በዴሞክራትነት የተመዘገበ ብቻ ነው፣ የሪፐብሊካኖቹም እንዲሁ።

ለሚቀጥለው ጊዜ፦

1. በስቴቱ የምርጫ ቦርድ ድረ ገጽ ገብተህ ስምህ ላይ የትኛው ፓርቲ እንደተጻፈ እይ።
2. የሜሪላንድ መንጃ ፈቃድ ወይም መታወቂያ ካለህ እዚያው ኦንላይን ቀይር፤ ከሌለህ ቅጹን ሞልተህ በፖስታ ላክ። ከፕራይመሪው 21 ቀን በፊት መድረስ አለበት። አዲስ መራጭ በምርጫው ዕለትም መመዝገብ ይችላል፤ የተመዘገበ ሰው ፓርቲ መቀየር ግን በዕለቱ አይፈቀድለትም።

ፓርቲ መምረጥህ አያስርህም፤ ኖቬምበር ላይ ለፈለግከው ድምፅ ትሰጣለህ። እንደ ሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ባለ፣ ዴሞክራቶች በሚያይሉበት ቦታ ግን እውነተኛው ፉክክር ፕራይመሪው ላይ ነው፤ ኖቬምበር ሲደርስ ነገሩ ብዙውን ጊዜ ያለቀለት ነው። ዕጩዎቹም አቋማቸውን የሚያስተካክሉት ለፕራይመሪው መራጭ ብለው ነው።

አንድ ጥንቃቄ፦ ከቨርጂኒያ የተዛወሩ ሰዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። እዚያ በፓርቲ መመዝገብ የሚባል ነገር የለም፤ ሁለቱም ፓርቲዎች በአንድ ቀን ፕራይመሪ ካደረጉ መራጩ የአንዱን ወረቀት ጠይቆ ይወስዳል። ያንን ልማድ ይዘህ ሜሪላንድ ብትሄድ ፓርቲ የምትመርጥበት ቀን ያልፍብሃል።