ከማረፊያው በላይ ያለው ሰማይ፦ ከሐዋሳ ለደረሱኝ ጥያቄዎች መልስ

የዛሬዎቹ ጥያቄዎች ሁሉ ከሐዋሳ የደረሱኝ ናቸው። አውሮፕላኖች አየር ላይ እርስ በርስ እንዳይጋጩ ምን ይጠብቃቸዋል የሚለው ሐሳብ ብዙዎችን እንደሚያስጨንቅ ስላየሁ አንድ ላይ ሰብስቤያቸዋለሁ። “ዓ.ም.” ካላልኩ በቀር ዘመኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ሐይቁ ዳር ተቀምጬ ሽቅብ ስመለከት የሁለት አውሮፕላኖች መንገድ ሲቆራረጥ አየሁና ደነገጥኩ። ለጥቂት ነው የተላለፉት ወይስ ዓይኔ ነው? (ጡረተኛ አባት፣ ሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ አባቴ፣ መንገዳቸው መቆራረጡ እውነት ነው፤ ከፍታቸው ግን ይለያያል። 10 ኪሎ ሜትር ወደ ላይ ለሚመለከት ሰው የ300 ሜትር ልዩነት አይታይም። 300 ሜትር ወይም 1,000 ጫማ ደግሞ በሁለቱ መካከል ሊኖር የሚገባው ትንሹ የከፍታ ልዩነት ነው። በዓለም አቀፉ ሠንጠረዥ መሠረት አቅጣጫው ከ0 እስከ 179 ዲግሪ የሆነ በረራ በሺህ ጫማ ሲቆጠር ጎዶሎ (እንደ 19)፣ ከ180 እስከ 359 የሆነ ደግሞ ሙሉ ቁጥር (እንደ 18) ከፍታ ይይዛል። ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ የሚመጣው በረራ ከደቡብ ትንሽ ወደ ምዕራብ ያዘነብላል፤ ስለዚህ ለምሳሌ 18,000 ጫማ ላይ ሲመጣ ተመላሹ 19,000 ላይ ይሄዳል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን አብራሪው የተሰጠውን ከፍታ ሲያከብር ብቻ ነው። ኅዳር 1996 ከኒው ዴልሂ አቅራቢያ የካዛኪስታን ኢሊዩሺን አውሮፕላን 15,000 ጫማ ላይ እንዲቆም ታዝዞ ሳለ ከዚያ በታች ወረደ፤ ከታች 14,000 ላይ የሳዑዲ ቦይንግ 747 ነበር። 349 ሰው አለቀ።

ጥያቄ፦ ልጄ አብራሪነት እየተማረ ነው። የሚያሰጋው ከፍ ብሎ ሲበር ነው ወይስ ማረፊያው አጠገብ? ዓይኑን ገልጦ ካየ አይበቃም? (እናት፣ ታቦር ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ እናቴ፣ ማረፊያው አጠገብ ነው። ሰማዩ ሰፊ ቢሆንም መንደርደሪያው አንድ ነው፤ ወጪውም ወራጁም እዚያው ይገናኛል። የአብራሪዎቹም እጅና ሐሳብ በጎማው፣ በፍጥነቱ፣ በሬዲዮው የሚያዘው ያኔ ነው።

ማየቱ ግድ ነው፣ ግን አይበቃም። ቁጥሩን ልንገርዎት። እያንዳንዳቸው በ250 ኖት (በሰዓት 463 ኪሎ ሜትር ያህል) ፊት ለፊት የሚመጡ ሁለት አውሮፕላኖች በየሴኮንዱ 257 ሜትር ያህል ይቀራረባሉ። አንድ አብራሪ ሌላውን አይቶ፣ ለይቶ፣ ወስኖ አውሮፕላኑ እስኪታጠፍለት 12.5 ሴኮንድ ያህል እንደሚፈጅ በሥልጠና ይነገራል። ስለዚህ ሌላው ከ3.2 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሳለ መታየት አለበት። በዚያ ርቀት ክንፉ 28 ሜትር የሆነው ኪው 400 የተባለ የመንገደኛ አውሮፕላን፣ እጅ ተዘርግቶ ሲለካ፣ የትንሽ ጣት ጥፍርን ስፋት አይሞላም።

ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ሊገጭ የሚመጣው አውሮፕላን መስታወቱ ላይ የማይንቀሳቀስ መሆኑ ነው። ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ የሚሸሸው ያልፋል፤ አንድ ቦታ ቆሞ መጠኑ ብቻ የሚያድገው ግን ቀጥታ እየመጣ ነው። ዓይን ደግሞ የሚንቀሳቀሰውን እንጂ የቆመውን ቶሎ አይዝም። ልጅዎ ሰማዩን በአንድ ትንፋሽ ጠርጎ ከማየት ይልቅ ቁራጭ በቁራጭ፣ በእያንዳንዱ ላይ ቆም እያለ ይመልከት።

አንድ ነገር አደራ ይበሉልኝ፦ “አየሁት” ካለ በኋላ ከዓይኑ ከጠፋበት፣ መጥፋቱን ወዲያው ይናገር። በ1978 ሳንዲያጎ ላይ የአንድ ቦይንግ 727 መንገደኛ አውሮፕላን አብራሪዎች ሴስና የተባለችውን ትንሽ አውሮፕላን አይተናታል ብለው ነበር፤ ኋላ ጠፋችባቸው፤ መጥፋቷን ግን መሬት ሆኖ በረራውን ለሚመራው ተቆጣጣሪ በግልጽ አላሳወቁም። መሬት ላይ የነበሩትን ጨምሮ 144 ሰው ሞተ። ጥር 2025 ዋሽንግተን ላይ ከመንገደኛ አውሮፕላን ጋር የተጋጨው ወታደራዊ ሄሊኮፕተርም አውሮፕላኑን አይቻለሁ፣ በዓይኔ እያየሁ እርቀዋለሁ ብሎ ነበር። 67ቱም ሞቱ። ይህ ቃል በቀላሉ የሚወጣ ቃል መሆን የለበትም።

ጥያቄ፦ አሁን ማስጠንቀቂያ መሣሪያ አለ ይባላል። መሣሪያው “ውጣ”፣ ተቆጣጣሪው “ውረድ” ቢሉስ? (ነጋዴ፣ ፒያሳ)

መልስ፦ መሣሪያው ይሰማል። መሣሪያው ቲካስ ይባላል፤ የሌላውን አውሮፕላን ትራንስፖንደር፣ ማለትም ለሬዲዮ ጥያቄ በራሱ የሚመልሰውን መሣሪያ፣ እየጠየቀ ርቀቱንና ከፍታውን ያሰላል፤ ግጭት ሊደርስ ከ15 እስከ 35 ሴኮንድ ሲቀር አንዱን ውጣ፣ ሌላውን ውረድ ይላል። ሁለቱ መሣሪያዎች እርስ በርስ ተነጋግረው ስለሚወስኑ አንዱ ትእዛዙን ከጣሰ የሌላውም መዳኛ ይፈርሳል።

ይህ በሐምሌ 1 ቀን 2002 ሌሊት በጀርመን ዩበርሊንገን ላይ ደረሰ። ያን ሌሊት አንድ ተቆጣጣሪ ብቻውን ሁለት ጠረጴዛ ይዞ ነበር፤ ስልኩና የራዳሩ ሥርዓት ጥገና ላይ ነበሩ። ለሩሲያው ቱፖሌቭ የመንገደኛ አውሮፕላን ውረድ አለው፤ መሣሪያው ውጣ አለ። አብራሪዎቹ ሰውየውን ሰምተው ወረዱ። ከሌላ አቅጣጫ የሚመጣው የዲኤችኤል ጭነት ጫኝ ቦይንግ 757 ደግሞ የራሱን መሣሪያ ታዝዞ ይወርድ ነበር። 71 ሰው አለቀ፤ አብዛኞቹ ልጆች ነበሩ። ተቆጣጣሪው ላይ ብቻ ጣት መቀሰር ግፍ ነው እላለሁ፤ ብቻውን የተዉት ናቸው ቀድመው የሚጠየቁት። ከዚያ ወዲህ ሕጉ ግልጽ ተደርጓል፤ አብራሪው የመሣሪያውን ትእዛዝ ይፈጽማል፣ ለተቆጣጣሪው ያሳውቃል፤ ተቆጣጣሪውም እስኪያልፍ ድረስ ሌላ ትእዛዝ አይሰጥም።

መሬት ሲቀርብ ግን፣ ከ1,000 ጫማ ገደማ በታች፣ ቲካስ “ውጣ፣ ውረድ” ማለቱን ያቆማል። እዚያ የቀረው የሰው ጆሮና ዓይን ነው።

ጥያቄ፦ ሬዲዮው ቢበላሽስ? (የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ፣ መናኸሪያ)

መልስ፦ ተቆጣጣሪው ያለበት የማረፊያው ማማ አብራሪውን በብርሃን ያናግረዋል፦ የማይቋረጥ አረንጓዴ “እረፍ”፣ የማይቋረጥ ቀይ “ለሌላው ቅድሚያ ስጥ፣ መዞርህን ቀጥል” ነው። አብራሪው በቀን ክንፉን እያወዛወዘ መልእክቱ እንደደረሰው ያሳያል።

ጥያቄ፦ የአሞራ ገደል አባ ኮዳዎች አውሮፕላን አያሰጉም? (ዓሣ ሻጭ፣ አሞራ ገደል)

መልስ፦ ያሰጋሉ፤ አንድ አባ ኮዳ እስከ 9 ኪሎ ይመዝናል። ከእሱ እጅግ የሚያንሱ እርግቦች መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ በሚነሣ ቦይንግ 737 ሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገብተው አውሮፕላኑ ወደቀ፤ ከ104 ተሳፋሪና ሠራተኛ 35ቱ ሞቱ። ወፉ የሚሰበሰበው ምግብ ባለበት ነው። የዓሣውን አንጀትና ክንፍ በየሜዳው ጥለን ወፎቹን በየአቅጣጫው ባንበትናቸው ይሻላል፤ ተሸፍኖ ይወገድ።

ጥያቄ፦ ሰርግ እቀርጻለሁ። ድሮን ከሐይቁ በላይ ለአምስት ደቂቃ ባነሣ ማን ይጎዳል? (ወጣት፣ አዲስ ከተማ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ማረፊያው ያለው በሐይቁ ማዶ ነው። ድሮንህ ትራንስፖንደር ስለሌለው ቲካስ አያየውም፤ ለአብራሪው ደግሞ ነጥብ ነው። ባትሪውና ሞተሩ ደረቅ ናቸው፤ ሲመቱ እንደ ወፍ ሥጋ አይለሰልሱም። ያለ ፈቃድ አታንሣ። ፈቃድ ካገኘህም የምታነሣበትን ቦታ፣ ሰዓትና ከፍታ ቀድመህ ለማረፊያው አሳውቅ፤ የአውሮፕላን ድምፅ እንደሰማህም ሙሽሮቹ መሐል ላይ ቢሆኑም አውርደው።