መልስ፦ ወደ ዌቭ የተቀየረው ፋይል ለምን ገዘፈ?

ጤና ይስጥልኝ። በዘጌ የቀዱት የአንድ ሰዓት የበገና ድምፅ በኤምፒስሪ (MP3) 58 ሜጋባይት ገደማ ሆኖ ሳለ፣ ድምፁን ሳይጨምቅ ወደሚያስቀምጠው ወደ ዌቭ (WAV) ሲቀይሩት ከ600 ሜጋባይት በላይ በመሆኑ ጥራቱ ጨምሮ እንደሆነ ጠይቀዋል። አልጨመረም። ኤምፒስሪ መጠኑን የሚያሳንሰው ጆሮ እምብዛም የማይለየውን የድምፅ ክፍል በመጣል ነው፤ የተጣለው ደግሞ ፋይሉ ወደ ዌቭ ስለተቀየረ ተመልሶ አይመጣም። ዌቭ በሲዲ ደረጃ በየሴኮንዱ 44,100 ናሙናዎችን (የድምፁን ቅጽበታዊ ልኬቶች)፣ እያንዳንዱን በ16 ቢት፣ ለግራና ለቀኝ ለየብቻ ስለሚመዘግብ፣ ደርዳሪው ዝም ባለበትና የጣና ማዕበል ብቻ በሚሰማበት ቅጽበት እንኳ ያንኑ ያህል ቦታ ይወስዳል፤ በደቂቃ 10 ሜጋባይት ያህል የሚፈጀውም ስለዚህ ነው።

ስለዚህ ዌቩን አጥፍተው የመጀመሪያውን ኤምፒስሪ ያስቀምጡ። ከባሕር ዳር እንደገና በጀልባ ተሻግረው የሚቀዱ ከሆነ ግን ከመነሻው በዌቭ ይቅዱ፤ ከዚያም ምንም ሳይጥል መጠኑን በሚቀንሰው በፍላክ (FLAC) ያኑሩት። በቴሌግራም ለመላክ ከፍላኩ ኤምፒስሪ ማውጣት ይቻላል፤ ነገር ግን በሴኮንድ ከ128 ኪሎቢት በታች አይውረዱ፣ ምክንያቱም አስቀድሞ የሚበላሸው እንዚራው (ከአውታሩ ስር የሚገባው ቁራጭ ቆዳ) ለአውታሩ የሚሰጠው ያ ውብ ንዝረት ነው። በአንድ ማይክሮፎን የሚቀዱ ከሆነ ሞኖ (ግራና ቀኝ ያልተለየ አንድ የድምፅ መስመር) ይበቃል፤ የዌቩንም መጠን በግማሽ ይቀንሰዋል።