መልስ፦ ነጭ ለባሿን ተዋትና ጠበል ሂድ

«የአስፈሪ ልብ ወለዴ ዋና ገጸ ባሕሪ ኮተቤ ዳር መሬት ያጭበረበረ ደላላ ነው። የሞተችው ባለመሬት ትከተለዋለች። ግን መንፈሷ የፈረንጅ ፊልም መሰለብኝ፣ ምን ላድርግ?» ብለሃል።

ወንድሜ፣ መስኮት ላይ የምትታየውን ነጭ ለባሽ አውጣት። እኔ ያደግኩት እንጦጦ ስር ነው። ማታ የሚያስፈራው የሚታየው ነገር አይደለም። ውሾቹ ሲጮኹ ያመሻሉ፣ ድንገት ሁሉም ጸጥ ይላሉ። ጅብ ነው ትላለህ። ጅብ ባይሆንስ?

ትልቁን ትዕይንት ጠበል ላይ አድርገው። ሳይነጋ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ሄደህ ወረፋውን እየው። ጠበሉ በሽተኛው ላይ ሲያርፍ የያዘው መንፈስ ይለፈልፋል፤ ማን እንደሆነ፣ የት እንደያዘው ይናገራል። ደላላህ ወረፋ ላይ ቆሞ ሳለ አንዲት የማያውቃት ልጅ በሟቿ ድምፅ የካርታውን ቁጥር ብትጠራስ?

ንስሐውን ደግሞ አታርክሰው። አልቅሶ ብቻ ከዳነ እኔ በበኩሌ መጽሐፉን እወረውረዋለሁ። የንስሐ አባቱ ጾምና ስግደት ቢሰጡት፣ ያ ቀላሉ ነው። በወንጌል ያለው ቀራጩ ዘኬዎስ እንኳ የቀማሁትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ነው ያለው። ያንተ ሰውዬ ግን መሬቱን ሸጦታል። ቤት ተሠርቶበታል፣ ልጆች ይኖሩበታል። ለማን ይመልስ? ልብ ወለድህ ያለው እዚህ ጋ ነው፤ መቶ ገጽ ብትፈጅበትም አይበዛም።

የሟቿን ልጅ በሕይወት አቆያት። ከእንጦጦ ጫካ እንጨት ተሸክማ ስትወርድ፣ ማን እንደሆነች ሳያውቅ በየጠዋቱ በመኪናው ይለፋት።