መልስ፦ «የሶፊ ምርጫ» ሃያሲያንን ለምን ለያየ?

ሰላም ወንድሜ፣ «የሶፊ ምርጫ»ን አንዱ ሲያወድሰው ሌላው ለምን ነቀፈው ብለሃል። ፊልሙ በ1982 (እ.ኤ.አ.) ከዊሊያም ስታይረን ልብ ወለድ የተሠራ ነው። አሜሪካዊው የፊልም ሃያሲ ሮጀር ኢበርት ከአራት አራት ኮከብ ሰጠው። ሌላዋ አሜሪካዊት ሃያሲ ፖሊን ኬል ደግሞ ክፉኛ ነቀፈችው። ሶፊን ሆና የተወነችው ሜሪል ስትሪፕ ግን በዚሁ ሚና ኦስካር ወሰደች።

ተንዛዝቷል የሚሉት እውነት አላቸው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ መጀመሪያው ላይ እኔም ደክሞኛል። ግን በናዚዎቹ የሞት ካምፕ፣ በአውሽዊትዝ ያለውን ትዕይንት እየው። ሶፊ ልጇን ሲወስዱባት አፏ ይከፈታል፣ ድምፅ የለም። ሐዋሳ እህቴ ቤት ነበር ያየነው። እህቴ ሲኒውን እንደያዘች ቡናው ቀዘቀዘ። ሁለት ልጆች አሏት። እስኪያልቅ አንድ ቃል አልተናገረችም። ለእኔ ያ ትዕይንት ብቻውን የፊልሙን ጉድለት ሁሉ ይክሳል። ስታየው ከመሀል አትጀምር፣ አደራ።