ለቤት ሠራሽ የዓሣ ማቆያ ገንዳ ኃይል ከየት? ጥያቄና መልስ

ባለሽቦው፦ በትንሽ ጀልባ ላይ ዓሣ በሕይወት የምታቆዩበትን ገንዳ ፓምፕ በባትሪ ስለማሠራት ጠይቁኝ። የፓምፑን ቮልትና አምፒር፣ ከባትሪው ያለውን ርቀትና የሽቦውን ውፍረት ሳትጽፉ ግን አትጠይቁ።

ጀማሪው፦ ጋሼ፣ ፓምፔ 12 ቮልት፣ 3 አምፒር ነው። 8 ሰዓት እንዲሠራ ምን ያህል ባትሪ ይበቃዋል?

ባለሽቦው፦ ጥያቄ እንዲህ ነው። 3 በ8 ሲባዛ 24 አምፒር ሰዓት ይሆናል። ሊድ አሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች ደጋግሞ ከወረደ ዕድሜው ያጥራል፤ ስለዚህ 50 ግዛ። ሊቲየም አይረን ፎስፌት ከሆነ 30 ይበቃል። ታይመር ገጥመህ ፓምፑ 1 ደቂቃ ሠርቶ 2 ደቂቃ ካረፈ ፍጆታህ ወደ 8 ይወርዳል፤ ያኔ 20 የሚይዝ ሊድ አሲድም ይወጣዋል። ከመግዛትህ በፊት ግን አምፒሩን ራስህ ለካ፦ ቴስተሩን 10 አምፒር ላይ አድርገህ በፖዘቲቩ መስመር መሀል አስገባው፤ ፓምፑ ውሃ ውስጥ፣ ቱቦው እንደተገጠመ ይሁን። በደረቁ ከለካህ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ያሳስትሃል።

ፊውዝ! ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ከ18 ሳንቲሜትር ሳይርቅ። ፓምፑ ላይ ሌላ ቁጥር ካልተጻፈ 5 አምፒር አድርገው።

መረብ_ጣይ፦ ሞተር የሚያስነሳውን ባትሪ ብጠቀምስ?

ባለሽቦው፦ አይሆንም። ውሃ መሀል ሞተሩ እምቢ ይልሃል።

ቀዛፊዋ፦ ፓምፔ ጠዋት በኃይል ይረጫል፣ ከሰዓት በኋላ ይደክማል። 3 አምፒር ነው፣ ርቀቱ 4 ሜትር፣ ሽቦው 0.75።

ባለሽቦው፦ ሰው ሁሉ ባትሪውን ይከሳል፤ ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ሽቦው ነው። 4 ሜትር ሄዶ 4 ሜትር ይመለሳል፣ 8 ሜትር ነው። በ0.75 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ 3 አምፒር ሲያልፍ ከግማሽ ቮልት በላይ መንገድ ላይ ይቀራል። ባትሪው ሲሞላ አይታወቅሽም፤ ቮልቱ ሲወርድ ድካሙ ይደራረባል። በ2.5 ሽቦ ብክነቱ 0.17 ቮልት ብቻ ነው።

ፓምፑ እየሠራ አንዱን የቴስተር ጫፍ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን ፓምፑ ጋ ባለው ፖዘቲቭ ላይ አድርጊ። የምታነቢው በዚያ መስመር የጠፋውን ቮልት ነው። በኔጋቲቩም ድገሚው። ባንቺ ሽቦ በእያንዳንዱ መስመር 0.27 አካባቢ ይጠበቃል፤ 1 ቮልት ካየሽ መገጣጠሚያው ዝጓል። ጠምዝዞ ናስትሮ መጠቅለል ጀልባ ላይ አይሠራም፦ ውሃው በክሮቹ መሀል እየተሳበ ገብቶ መዳቡን አረንጓዴ ያደርገዋል። ቆርቆሮ የተቀባ የመዳብ ሽቦ ውሰጂ፣ ተርሚናሉን በመጭመቂያ ጨምቂ፣ ውስጡ ሙጫ ያለው በሙቀት የሚኮማተር ሽፋን አልብሺው። ፊውዙንም እዪ፤ ባትሪው አጠገብ ነው?

መረብ_ጣይ፦ ታይመር ለምን? የፍጥነት መቆጣጠሪያ ገጥሞ ቀስ እያደረጉ ቀኑን ሙሉ ማሠራት ይሻላል።

ታንኳ12፦ ፓምፑ ሲዘገይ ውሃውን እስከ መርጫው አያወጣውም። ከፍታው ግማሽ ሜትር ካለፈ ደግሞ እርሳው።

መረብ_ጣይ፦ 2 ደቂቃ ማረፍስ? ውሃ በ20 ዲግሪ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፣ በ30 ዲግሪ 7.5። በሙቀት ዓሣው እረፍቱን አይታገስም።

ታንኳ12፦ እንግዲያው ዓሣ ቀንስ! 60 ሊትር ውስጥ ስንት ልትከት ነው?

ባለሽቦው፦ የዓሣ ክርክራችሁን ሌላ ቦታ። በሙቀት ጊዜ የታይመሩን እረፍት አሳጥሩ፣ ባትሪውንም በዚያው ልክ አሳድጉ። መቆጣጠሪያ የገጠመ ውሃው በዝቅተኛው ፍጥነት ከመርጫው መውጣቱን ይይ። ፓምፑ ባለ ካርቦን ብሩሽ ከሆነ በሁለቱ ሽቦዎቹ መሀል ዳዮድ (ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ ዕቃ) ግጠሙ፣ ቀለበት ያለው ጫፍ ወደ ፖዘቲቭ። ያለዚያ ፓምፑ በጠፋ ቁጥር የሚነሳው ብልጭታ የታይመሩን መገናኛ ይበላዋል።

አዲስ_ገቢ፦ ባትሪዬ ቶሎ ያልቃል፣ ምን ላድርግ?

ባለሽቦው፦ የቱ ባትሪ? ምን ያህል? ስንት ሰዓት? መጀመሪያ ላይ የጻፍኩትን አንብብ።

አዲስ_ገቢ፦ 7 አምፒር ሰዓት፣ ሊድ አሲድ። ፓምፑ 3 አምፒር፣ ሳያቋርጥ።

ባለሽቦው፦ ለጀማሪው የሠራሁት ስሌት ነው። ግማሹ 3.5 ነው፤ ለአንድ ሰዓት ገደማ።

ቀዛፊዋ፦ ሶላርስ?

ባለሽቦው፦ በታይመር 8 አምፒር ሰዓት ማለት 96 ዋት ሰዓት ነው። 30 ዋት ፓነል 5 ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ካገኘ ይሸፍነዋል። ከባትሪሽ ዓይነት ጋር የሚስማማ የቻርጅ መቆጣጠሪያ የግድ ነው። ከመቆጣጠሪያው ወደ ባትሪው በሚሄደው ሽቦም ላይ ፊውዝ፣ አሁንም ባትሪው አጠገብ።

ጀማሪው፦ የገንዳውን ቀዳዳ በምን ሙጫ ልድፈን?

ባለሽቦው፦ የሽቦ ሰው ነኝ።

ታንኳ12፦ ፓምፑ ድምፅ አለው፣ ውሃው ግን ጭል ጭል ነው። 12 ቮልት፣ 2.5 አምፒር፣ 2 ሜትር በ2.5 ሽቦ።

ባለሽቦው፦ ሽቦው ደህና ነው። ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ተገላብጦ ይሆናል፤ ባለ ብሩሽ ፓምፕ ወደ ኋላ ሲዞር ድምፁ ያው ነው፣ ግፊት ግን የለውም። ብሩሽ የሌለው ከሆነ ለሙከራ ብለህ አትገልብጥ፣ ውስጡ ያለው ሰርኪዩት ሊቃጠል ይችላል፤ መመሪያው ላይ የሽቦውን ቀለም እይ። ያ ልክ ከሆነ አየር ታፍኖበታል። ቱቦው መሀል ላይ ረግቦ ከሆነ ከፓምፑ እስከ መርጫው ሳይረግብ እያደገ እንዲወጣ አድርገህ እሰረው፣ ከዚያ አጥፍተህ አብራው።