ባትሪው ያረፈበት ፍላንጅ

ሰሞኑን አንድ ወጣት የመርከብ መርማሪ «የብክለት መከላከያ ምስክር ወረቀቶቹ ከተሟሉና ጊዜያቸው ካላለፈ፣ በመዝገቦቹ ላይም የጎደለ ፊርማ ከሌለ፣ ከዚያ በኋላ ምን እፈልጋለሁ?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ቅን ነበር፤ ይሁንና ወዲያው ልመልስለት አልቻልኩም፤ ምክንያቱም በሥራ ዘመኔ ሁሉ እጅግ የሚጸጽተኝ ምርመራ አንድም ወረቀት ያልጎደለበት ምርመራ ነው።

በሙያው ገና ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። የአንድ አሮጌ ጭነት መርከብ ዋና መሐንዲስ ሰነዶቹን በካፒቴኑ ጠረጴዛ ላይ በቅደም ተከተል ደርድሮ ጠበቀኝ። የዘይት ብክለት መከላከያ ምስክር ወረቀቱ ከአምስት ዓመት ዘመኑ ገና ሁለቱን አላገባደደም፤ ዓመታዊ ምርመራው በወቅቱ ተከናውኖ ማኅተሙ አርፎበታል። በዘይት መዝገቡ ላይ እያንዳንዱ ሥራ በኃላፊው መሐንዲስ፣ እያንዳንዱ የተሞላ ገጽ ደግሞ በካፒቴኑ ተፈርሟል። ስርዝ ድልዝ የሌለበት፣ የአራት ወር ጽሑፉ በአንድ ቀለምና በአንድ እጅ የተጻፈ መዝገብ ነበር። የሞተር ክፍል መዝገብ ሆኖ ሳለ አንድም የቅባት ጣት አሻራ አልነበረበትም። እኔ ግን ይህን የጥንቃቄ ምልክት አድርጌ ወሰድሁት፤ እንዲያውም ዋና መሐንዲሱን አመሰገንሁት።

ከምስክር ወረቀቱ ጋር የሚያያዘው ቅጽ ከመዝገቡ አጠገብ ተዘርግቶ ነበር። ቅጹ የመርከቡ ኢንሲነሬተር፣ ማለትም የቆሻሻ ማቃጠያው፣ በሰዓት 40 ሊትር ዝቃጭ (ከነዳጅና ከዘይት የሚቀር ወፍራም ቆሻሻ) ማቃጠል እንደሚችል ይናገራል። መዝገቡ ደግሞ በየጊዜው በአምስት ሰዓት ውስጥ 0.6 ሜትር ኪዩብ ዝቃጭ ተቃጠለ ይላል። 40 በ5 ሲባዛ 200 ሊትር ነው፤ የተጻፈው 600 ሊትር ነበር። ሁለቱን ቁጥሮች በአንድ ቀን፣ በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጬ አነበብኋቸው፤ አላባዛኋቸውም።

ከዚያ ወደ ሞተር ክፍል ወረድን። መብራቱ ደካማ ስለነበር አንድ በዕድሜ ትንሽ የሆነ ጀማሪ መሐንዲስ ባትሪ ይዞ ከፊቴ ይሄድ ነበር። ከዘይትና ውሃ መለያው አጠገብ ስንደርስ ብርሃኑን በአንድ ፍላንጅ፣ ማለትም ቱቦዎች በብሎን በሚጋጠሙበት የብረት ቀለበት፣ ላይ አሳርፎ ቆመ። የአካባቢው ቱቦ ሁሉ በወፍራም ቀለም የተሸፈነ ሲሆን፣ የዚያ ፍላንጅ ብሎኖች ግን ቀለማቸው ከጠርዙ ተፈርፍሮ የብረቱ ገላ ያብረቀርቅ ነበር። ልጁ ምንም አልተናገረም፤ ዋና መሐንዲሱ ከኋላችን ቆሟልና። ባትሪውን ግን ከተገቢው በላይ ለረጅም ጊዜ እዚያው አቆየው። እኔ አየሁት፤ ሰዓቴንም አየሁ፤ «በቃ፣ እንውጣ» አልሁ። ጉድለት የለም ብዬ ፈረምሁ።

በሚቀጥለው ወደብ ያሉ መርማሪዎች ያንኑ ፍላንጅ አስፈቱ። ዘይት የተቀላቀለበትን ውሃ ከመለያው አሳልፎ በቀጥታ ወደ ባሕር የሚያፈስ ቱቦ ሲገጠምበትና ሲነሳ የኖረ ነበር። ጥፋቱ በመጨረሻ የተላከከው በዚያ ባትሪ በያዘው ልጅ ላይ እንደሆነ፣ ከሥራም እንደተሰናበተ ከጊዜ በኋላ ሰማሁ። በዚያች ቀን ሁለት ቁጥሮች አባዝቼ ቢሆን ኖሮ ልጁ በዝምታ ያሳየኝን እኔ በቃሌ እጠይቅ ነበር።

ለጠያቂዬ የምመልሰውም ይህንን ነው። ከመርከቦች የሚመጣን ብክለት ለመከላከል በወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ በማርፖል፣ አንቀጽ 5 መሠረት መርከቡ ትክክለኛ ምስክር ወረቀት ካለው ምርመራው እሱን በማረጋገጥ ይወሰናል፤ ከዚህ የሚታለፈው መርከቡ ወይም መሣሪያው ከምስክር ወረቀቱ ጋር አይጣጣምም የሚያሰኝ ግልጽ ምክንያት ሲኖር ነው። ያ ምክንያት ብዙውን ጊዜ የሚገኘው አንዱ ሰነድ ከሌላው ጋር ሲጣላ ነው። በከባድ ነዳጅ የሚሄድ መርከብ ከሚጠቀመው ነዳጅ ከ1 እስከ 1.5 በመቶ የሚሆን ዝቃጭ ያወጣል ተብሎ ይገመታል፤ ስለዚህ በቀን 20 ቶን የሚያቃጥል መርከብ በአሥር ቀን ውስጥ ከሁለት እስከ ሦስት ቶን ያህል ዝቃጭ የት እንዳደረሰ ማስረዳት አለበት። ወደ ወደብ ተራግፏል ከተባለ የተቀባዩ ደረሰኝ ይታያል፤ ታንክ ውስጥ ነው ከተባለ ታንኩ ይለካል። ያሠለጠኑኝ አዛውንት መርማሪ የቆሻሻ መዝገቡን ከመርከቡ ጉዞ መዝገብ ጎን ለጎን አስቀምጠው በማስመሪያ መስመር በመስመር ያነብቡ ነበር፤ ያልተፈጨ የምግብ ትራፊ ከየብስ ከ12 ኖቲካል ማይል ባነሰ ርቀት ላይ ተጥሎ እንደሆነ የሚያገኙትም በዚሁ መንገድ ነበር። በዚያን ጊዜ ትዕግሥታቸው ያሰለቸኝ ነበር።

የዛሬ ወጣቶች ገጹን በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ በምርመራ ቅጻችሁ ላይ ምልክት ማድረግ ይቀናችኋል፤ ፎቶው ማንበብን አይተካም፤ ይህ ልማድ ከልብ ያሳስበኛል። በሌላ በኩል ከእኛ ዘመን ይልቅ ደንቡን በሚገባ የምታውቁ ናችሁ፤ መለያው ከ15 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 15 እጅ) በላይ ዘይት ያለበትን ውሃ ወደ ባሕር እንዳያሳልፍ የሚቆጣጠረው መሣሪያ የሚያስቀምጠውን መረጃ ከመዝገቡ ጋር ማስተያየት ለእናንተ ቀላል ነው፤ እኔ በጀመርሁበት ዘመን እንዲህ ዓይነት መረጃ አልነበረም።

ሁልጊዜ «ወረቀት ብቻ አይታችሁ አትመለሱ፣ ወደ ሞተር ክፍል ውረዱ» ስል ኖሬያለሁ፤ አሁንም እላለሁ። ይሁንና በዚያች ቀን ወርጄ ነበር፤ መውረዴም አልጠቀመኝም፤ መልሱ ከላይ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ጡረታ እስከምወጣ ድረስ ባትሪ የሚይዝልኝን ሰው ዋና መሐንዲሱ በሌለበት ለብቻው ሳላነጋግር ከሞተር ክፍል ወጥቼ አላውቅም።