ቆዳ ፋብሪካ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ዘንድሮ በኬሚካል ምህንድስና ተመርቄ አዳማ ቤተሰቦቼ ጋ ነኝ። ሞጆ ያለ አንድ ቆዳ ፋብሪካ «የአካባቢና ማኅበራዊ ኃላፊነት ባለሙያ» አድርጎ ሊቀጥረኝ ለሐሙስ ጠርቶኛል። ፍላጎቴ አካባቢ ጥበቃ ላይ መሥራት ነው። ግን ወንዙን የሚበክሉት እነሱው አይደሉም እንዴ? ጓደኞቼ ኤንጂኦ ጠብቂ ይሉኛል። እናቴ ደግሞ «ለዚህ ነው ያስተማርኩሽ?» ብላ ተቆጥታለች። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከእናትሽ ልጀምር። ቆዳ ፋብሪካ መሽተቱ እውነት ነው፤ ሽታው ልብስሽ ላይ ተሳፍሮ አዳማ ድረስ ይመጣል። ቁጣዋ ግን የሽታ ብቻ አይመስለኝም። በአገራችን ቆዳ የሚያለፋ ሰው «ፋቂ» ሲባል ኖሯል፤ ቃሉ እስካሁን ስድብ ነው። ስልቻውንም፣ አገልግሉንም፣ ጀንዲውንም ከእጃቸው እየተቀበልን ነው የሰደብናቸው። ማኅበራዊ ኃላፊነት ሲባል እኔ መጀመሪያ የሚታየኝ ይሄ ነው። እናትሽን አትከራከሪያት፤ ጊዜ ስጪያት።

ወደ ጥያቄሽ ስመጣ፣ ሂጂ ነው የምልሽ። ግን በቢሮው ሳይሆን ድራሞቹ (ቆዳው እየዞረ የሚለፋባቸው ትልልቅ በርሜሎች) ባሉበት በእርጥቡ ክፍል በኩል ግቢ።

ከዓመታት በፊት አንድ ቆዳ ፋብሪካን በሠራተኛ ቅጥር አማክር ነበር። ስሙ ይቅር። የዘላቂነት ባለሙያው የሚያምር ሪፖርት አሳየኝ። ባለቀለም ነው፤ ችግኝ የሚተክሉ ሠራተኞች ፎቶ አለበት። የፍሳሽ ማጣሪያውን ልየው አልኩት። ገንዳው አለ። አየር የሚነፋው ማሽን ግን ጸጥ ብሏል፤ ውሃው ላይ ምጣድ የሚያህል ደረቅ አረፋ ተኝቶበታል። «መብራት ጠፍቶ ነው» አለኝ። ከጀርባችን ድራሞቹ እየዞሩ ነበር።

ልጁ ክፉ ሰው አልነበረም። ሁለት ዓመት ሲሠራ ድራም ክፍል የገባው ለፎቶ ብቻ ነው። ስለዚህ የነገሩትን ለእኔ ደገመልኝ፤ በቃ።

አንቺ ግን ኬሚስትሪ ታውቂያለሽ። በተለመደው አሠራር፣ ቆዳውን ለማልፋት ድራም ውስጥ ከሚጨመረው ክሮም ከተባለ ኬሚካል ሲሶ ገደማው ቆዳው ሳይጠጣው ከውሃው ጋር ይወጣል። ይህ በዶላር ተገዝቶ የመጣ ኬሚካል ነው። ያ ውሃ ለብቻው ከተጠራቀመ፣ ክሮሙን በማግኒዚየም ኦክሳይድ ማዝቀጥ፣ ዝቃጩን በሰልፈሪክ አሲድ ማሟሟትና መልሶ ድራም ማስገባት ይቻላል። ሥራ አስኪያጁን «ወንዙ ተበከለ» ብትዪው ራሱን ነቅንቆ ያልፍሻል። «በወር ይህን ያህል ኪሎ ክሮም እየደፋን ነው» ብትዪው ግን ካልኩሌተር ያወጣል።

ፀጉር ማስለቀቂያው ሌላ ጉድ ነው። ኖራና ሶዲየም ሰልፋይድ ያለበት ውሃ፣ አሲድ ካለበት ውሃ ጋር አንድ ቦይ ውስጥ ከተገናኘ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ይወጣል። መጀመሪያ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ሲበረታ አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ሽታው የጠፋ ይመስላል። ቦይ ሊጠርግ የወረደ ሠራተኛ እዚያው ሊቀር ይችላል። ሊያወጣው የወረደው ጓደኛውም እንዲሁ። እንግዲህ ቦዮቹን መለያየት የአካባቢ ጥበቃ ነው ወይስ የሠራተኛ ደህንነት? እዚያ ቤት ሁለቱ አይነጣጠሉም።

ጥሬ ቆዳው እንዳይበሰብስ የሚነሰነስበትን ጨውም አትርሺ። ማጣሪያው ክሮሙን ቢይዝም ጨውን አይዝም፤ ጨው ከውሃው ጋር ሄደ ማለት ሄደ ነው። የሞጆ ወንዝ ደግሞ ቆቃ ሐይቅ ነው የሚገባው፤ በመንገዱ ከብት ይጠጣዋል፣ አትክልት ይለማበታል። ቆዳው ውሃ ሳይነካው ደረቁን ጨው አራግፎ ማስቀረት ግን ብዙ ወጪ የለውም። የሚጠይቀው ትጋት ነው።

«የሚበክሉት እነሱው አይደሉም እንዴ?» ብለሽኛል። ይበክላሉ። ግን የበዓል ማግስት ሰፈርሽን እዪው። ቆዳ ገዢ ጠፍቶ ስንት የበግ ቆዳ ቱቦ አፍ ላይ ተጥሎ ይሸታል? በጉ የሚታረደው ለሥጋው ነው፤ ፋብሪካው ቢዘጋም መታረዱ አይቀርም።

ገዢዎችም እየጠየቁ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከሰው ቆዳ ጋር የሚነካካ የቆዳ ምርት በኪሎ 3 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በላይ ክሮም ስድስት የሚባለው መርዛማ የክሮም ዓይነት ካለበት ገበያው እንዳይገባ ከልክሏል። ቆዳ ለማልፋት የሚገባው ክሮም ሦስት ነው፤ አያያዙ ሲበላሽ ግን ወደ ስድስት ሊቀየር ይችላል። ሌዘር ወርኪንግ ግሩፕ የሚባለው ማኅበርም በ2005 (እ.ኤ.አ.) ተመሥርቶ ፋብሪካዎችን በውሃ፣ በኃይልና በኬሚካል አያያዛቸው እየመዘነ ደረጃ ይሰጣል። የዚያን ምዘና ቅጽ ሞልቶ ያለፈ ባለሙያ ሥራ ለመፈለግ ብዙ አይንከራተትም። ኤንጂኦም ብትሄጂ የሚፈልገው እንዲህ ያለ ሰው ነው። ስለዚህ እሱ በኋላም ይደርሳል።

ሐሙስ ስትሄጂ ስለ ደመወዝ ከመጠየቅሽ በፊት ሦስት ነገር እዪ። የማጣሪያው አየር መንፊያ ይሠራል? ሠራተኞቹ ምሳ የሚበሉት የት ነው፣ እጃቸውን የሚታጠቡበትስ? የአፍንጫ መከላከያው ፊት ላይ ነው ያለው ወይስ ምስማር ላይ ተሰቅሏል? የመጨረሻው ብዙ ይናገራል። ምስማር ላይ ካለ ለምን እንደሆነ ሠራተኛውን ጠይቂው፤ «ካርትሪጁ ካለቀ ቆየ» ሊልሽ ይችላል።

ከዚያ ሥራው ለማን ሪፖርት እንደሚያደርግ ጠይቂ። ለሕዝብ ግንኙነት ከሆነ ለታይታ ነው የፈለጉሽ። ለምርት ክፍሉ ወይም ለዋና ሥራ አስኪያጁ ከሆነ ተስፋ አለው። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት እርጥቡ ክፍል ልሥራ በያቸው፤ እሺ ካሉ በጽሑፍ ይሁን።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። እነሱ አንቺን ሲፈትኑ አንቺም ፈትኛቸው። የላቦራቶሪ ውጤት «አስተካክለሽ ጻፊ» ካሉሽ ያን ቀን ውጪ፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ የአንቺ ነው። አዋጅ 300/1995 ብክለትን ይከለክላል፤ ጉዳዩ ሲመጣ የሚጠሩት ፈራሚውን ነው።

ስትሄጂ ደግሞ ክፍት ጫማ አታድርጊ፤ ወለሉ እርጥብ ነው።